የ18 ሺህ ብር ክስ

አንዲት ደንበኛ ሶፋ አዝዛ 18,000 ብር ቀድማ ከፍላለች እንበል። አናጢው ቀኑ አለፈው፤ ስልክ ማንሳትም ተወ። ልክሰስ ብትል ማን ይከለክላታል? በፍርድ ቤቱ አጥር ዙሪያ የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ግን ሂሳቡን አሳምረው ያውቁታል፦ የአቤቱታ ማጻፊያ፣ የማስረጃ ኮፒ፣ የዳኝነት ክፍያ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ በየቀጠሮው ከሥራ መቅረት። ብዙ ሰው እዚያው ቆሞ አስልቶ ይመለሳል።

ሕጋችን የክርክርን መጠን የሚጠይቀው "የትኛው ዳኛ ይየው?" ለማለት ነው፤ "እንዴት ይታይ?" የሚለውን ብዙም አይጠይቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሌለበትን ክርክር እስከ 500 ብር ለወረዳ፣ እስከ 5,000 ብር ለአውራጃ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ጣሪያ 500,000 ብር አደረገው፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን አሳደገው። የብር አቅም ሲወርድ ጣሪያው መውጣቱ አይቀርም፤ ለከፍተኛ ፍርድ ቤትም እፎይታ ነው። ነገር ግን ጣሪያው በወጣ ቁጥር ወለሉ ላይ ያለው ይረሳል። ዛሬ የሶፋው ክስና የ9 ሚሊዮን ብር የግንባታ ውል ክርክር አንድ ፍርድ ቤት፣ በአንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ይጠብቃሉ።

ለትንንሾቹ የታሰበ ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲያዩ ተደርጎ ነበር፤ 5,000 ብር አሁን የሶፋውን ጨርቅ እንኳ መግዛቱን እንጃ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ያለው አጭር ሥነ ሥርዓትም ተከሳሹ የመከላከያ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ሆኖም ለተቆረጠና ለታወቀ ዕዳ የተበጀ ነው፤ "እንጨቱ ያልኩት አይደለም" ለሚል ሙግት አይመችም።

እንግሊዝ መጠንን ከአካሄድ ጋር ያያይዛል። እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ አብዛኛው ክርክር በተለየ መስመር ይሄዳል፤ ችሎቱ ለዘብ ያለ ነው፣ የተሸነፈው ወገን የሌላውን የጠበቃ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ለእኛም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ በበልሃ ልበልሃ ዘመን መንገደኛ ተለምኖ ዛፍ ሥር ይዳኝ ነበር።

የሕግ ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፦ ገንዘቡ ስላነሰ ሕጉ አይቀልም። የሶፋው 18,000 ብር ቀብድ ነው ከተባለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ተቀብሎ ከውሉ የሚወጣ ሰው እጥፉን ይመልሳል፤ 36,000 ብር ማለት ነው። የዋጋው ከፊል ክፍያ ነው ከተባለ ይህ የእጥፍ ድንጋጌ አይነካውም። ስለዚህ ትንሹን ክስ የሚያየው ሕግ የሚያውቅ ዳኛ መሆን አለበት። ማጠር ያለበት አካሄዱ ነው፦ የታተመ የክስ ቅጽ፣ በስልክ የሚደርስ መጥሪያ፣ ምስክር በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ፍርድ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ።

ይህም ሆኖ ከፍርድ በኋላ ያለው ካልተነካ ትርፉ ድካም ነው። አሁን የረታው ሰው በአንቀጽ 378 የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገብቶ እንደገና መመላለስ ይጀምራል። ለ18,000 ብር ሁለት ጊዜ ደጅ መጥናት ስለማያዋጣ፣ ትእዛዙ በዚያው መዝገብ፣ በዚያው ዳኛ እጅ ሊያልቅ ይገባል።