አማካሪው ምን ይከስራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን ሊገዛ የተነሳ ሰው አማካሪ አያጣም። ገና ሐሳቡን ቢሮ ውስጥ ከማንሳቱ አንዱ ባልደረባው የምርት ስም ይጠራለታል፣ ሌላው «እሱን እንዳትነካው!» ይለዋል፣ ሦስተኛው «መርካቶ የራሴ ሰው አለኝ» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ቤት ሲገባ ልጁ ዩቲዩብ ላይ ያየውን ይደረድርለታል። ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ሻጩ ከሁሉም በላይ አዋቂ ሆኖ ይጠብቀዋል። ምክሩ ሞልቷል፤ የትኛውን ማመን እንዳለበት ግን የሚነግረው የለም።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ባለቀለም ሲሆን፣ ለአብዛኛው ሰው ጥያቄው «አላችሁ ወይ?» የሚል ነበር፤ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ጥቂት ነበር። ዛሬ ኤልኢዲ፣ ኪውኤልኢዲ፣ ኦኤልኢዲ፣ 4ኬ፣ ኤችዲአር፣ ስማርት የሚሉ ጽሑፎች ካርቶኑን ሞልተውታል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ያለ ዕውቀት መግዛት ድሮም ያስከፍል ነበር፣ አሁን የወራት ደመወዝ ያስከፍላል።

ለአማካሪዎቼ ሁሉ የማነሳው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ሰው ምክሩ ቢሳሳት ምን ይከስራል?

ሻጩ ምንም አይከስርም። ይህን የምለው ሻጮች ሁሉ ይዋሻሉ ለማለት አይደለም። ሥራው ሱቁ ውስጥ ያለውን መሸጥ ነው፤ የሌለውን ሊያሞግስልኝ አይችልም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦርጅናል ነው፣ ለራሴ ቤትም የወሰድኩት ይሄንኑ ነው» ሲለኝ በልቤ ስንት ሞዴል ቤቱ እንደወሰደ እገምታለሁ። ከአፉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የሰቀለው ስክሪን ነው። በሱቅ ውስጥ የሚታየው አበባና ባለቀለም ዓሣ አምራቾች ለማሳያ ያዘጋጁት፣ ጥራቱ የመጨረሻ የሆነ ቪዲዮ ነው። ቴሌቪዥኑም ብዙ ጊዜ «የሱቅ ሁነታ» በሚባለው ላይ ይደረጋል፤ ብርሃኑና ቀለሙ በጠራራ መብራት ውስጥ ዓይን እንዲይዝ እስከ ጥግ ይከፈታል። እኛ ቤት ወስደን የምናየው ግን በኢትዮሳት የሚመጣውን ዜናና ድራማ ነው። ዓሣውን አይተን ገዝተን ዜናው ደብዝዞ ሲመጣ ዲሹን እንረግማለን።

ስለዚህ ሻጩን ስለ ጥራት መጠየቅ ትቻለሁ፤ ጥቂት ነገሮችን እንዲያደርግልኝ ብቻ እጠይቀዋለሁ። የሱቁን ሁነታ አውጥቶ ወደ ቤት ሁነታ ይመልሰው። የማሳያ ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ነቅሎ ከሪሲቨር አንድ የአገር ቤት ቻናል ይክፈትልኝ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ መሣሪያው የሚለውን ይክፈትና የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው ተለጣፊና ከካርቶኑ ጋር አስተያይቼ ላንብብ። የታወቀ ስም ፊት ለፊት ለጥፈው ውስጡ ሌላ የሆነውን ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ይህን በደስታ የሚያደርግ ሻጭ አለ፤ «ሰዓት የለኝም» የሚልም አለ። ሁለቱም መልስ ናቸው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ዋጋው የሚሰቀለው በእነሱ ላይ ነው። ኤልኢዲ የሚባለው ቴሌቪዥን ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላው የሚያበሩት መብራቶች ናቸው ኤልኢዲ የሆኑት። ኪውኤልኢዲም የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ቀለሙን የሚያሻሽል ንብርብር ተጨምሮበታል። ኦኤልኢዲ ግን ሌላ ነው፦ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች፤ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤችዲአር የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ቴሌቪዥን ምልክቱን ይቀበላል እንጂ እንደሚገባው ለማሳየት የሚበቃ ብርሃን ብዙ ጊዜ የለውም።

በጣም የሚያስገርመኝ ግን የ4ኬ ነገር ነው። 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት፣ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 2.1 ሚሊዮን ገደማ። ቁጥሩ አራት እጥፍ ነው፣ ሻጩም ይህን ይነግርዎታል። የማይነግርዎት ሶፋዎ የት እንዳለ ነው። በ43 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ አንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ጤነኛ ዓይን እነዚህን ነጥቦች መለየት የሚያቅተው ከ1.7 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ነው። በ55 ኢንች ከሆነ ወደ 2.2 ሜትር ይደርሳል። ሳሎንዎ ውስጥ ሶፋው ከግድግዳው 3 ሜትር ከራቀ፣ የተጨመሩትን ሚሊዮኖች ነጥቦች ከፍለው ገዝተዋቸው አያዩአቸውም። በትልልቆቹ ላይ 4ኬ ያልሆነ ማግኘት አሁን አስቸጋሪ ስለሆነ ይምጣ፣ ችግር የለውም፤ በትንሹ ላይ «4ኬ ስለሆነ ነው» ተብሎ የተለየ ዋጋ ሲጠራ ግን ሜትር ይዞ መሄድ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጆሮ የምሰጠው ለጠጋኙ ነው። በየሰፈሩ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ባዞሩ ቴሌቪዥኖች ተከቦ የሚሠራው ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አያይም፣ ውስጡን ነው የሚያየው። በብዛት ምን እንደሚመጣለት ጠይቁት፤ «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» ይላችኋል። የኋላ መብራቶቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ አምፖል ስትቃጠል መላው ረድፍ ወይም መላው ስክሪን ይጨልማል። የስልክ ባትሪ አስጠግታችሁ ብታበሩበት ምስሉ ከውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ጥሩ መሞከሪያ ነው። አምፖሏን የሚያቃጥላት ሙቀት ነው፤ ብርሃኑን መቶ ላይ አድርጎ ቀን ከሌት ማየት ዕድሜዋን ያሳጥራል። ይህን ከሻጭ ሰምቼ አላውቅም። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጠጋኙ እጁን ያራግባል፤ የስክሪኑ ዋጋ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ብዙ አይርቅም።

እሱም ቢሆን ያልታመመ ቴሌቪዥን አያይም። በብዛት የሚሸጠው ምርት በብዛት ስለሚመጣለት «ይሄ እኮ ቶሎ ይበላሻል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ይበላሻል ብዬ አልጠይቀውም፤ የትኛው ሲበላሽ ቦርዱና መብራቱ ገበያ ላይ ይገኛል ብዬ ነው የምጠይቀው። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ምክንያቱም መለዋወጫው ከጠፋ የሚከስረው እሱ ራሱ ነው።

ስታቢላይዘር ግዙ ከሚሉ ብዙ ጠጋኞች ጋር ግን አልስማማም። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ቴሌቪዥን የመብራት መውረድ ብዙም አይነካውም። የሚያስፈራው መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ኃይል ነው፤ ርካሹ ስታቢላይዘር ደግሞ ለዚህ አይደርስም። መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ነጻ ነው።

ጎረቤት ጥሩ ምስክር አይሆንም። ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው የገዛውን አያማም፣ «እንዴት ነው?» ስትለው «በጣም ቆንጆ» ይልሃል። «ዛሬ ብትገዛ ምኑን ትቀይራለህ?» ብለህ ብትጠይቀው ግን አፉ ይፈታል፤ ሪሞቱ እንደሚዘገይ፣ ድምፁ እንደሚያንስ፣ ስማርት የተባለው የሚፈልገውን አፕ እንደማይከፍት ይዘረግፈዋል።

የዩቲዩቡን ልጅ በተመለከተ፣ የሚያሳየው ቴሌቪዥን እዚህ የሚሸጠው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ የሳምሰንግ ኤልኢዲዎች ሞዴል ለሰሜን አሜሪካ በ«ዩኤን»፣ ለአውሮፓ በ«ዩኢ»፣ ለእስያና ለአፍሪካ በ«ዩኤ» ይጀምራል፤ የቀረው ቁጥር ቢመሳሰልም ውስጡ የግድ አንድ አይደለም። ዋሽንግተን ያለ ወንድም «እኔ ላምጣልህ» ሲልም ይኸው ይታሰብ። እዚያ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ የአንቴና መቀበያቸውም የአሜሪካ ነው። በሻንጣ ጉዞ የተሰነጠቀ ስክሪን ደግሞ ዋስትናው ውቅያኖስ ማዶ ቀርቷል።

አሜሪካኖች ከ1936፣ እንግሊዞች ከ1957፣ ጀርመኖች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕቃ ለሸማች የሚፈትሹ ተቋማት አሏቸው። የአሜሪካው ኮንሲውመር ሪፖርትስ ማስታወቂያ አይቀበልም፣ የሚፈትሸውንም ዕቃ እንደ ማንም ሰው ከሱቅ ነው የሚገዛው። ቢሳሳት ስሙን ይከስራል፣ ከስሙ ሌላ የሚሸጠው የለውም። እኛ ዘንድ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ ጥሩ ነው፤ መረጃውን የሚሰጠው ግን ያው ሻጩ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ መለኪያና ተማሪ አላቸው። በዓመት አንዴ በብዛት የሚሸጡትን ሦስት አራት ቴሌቪዥኖች ከገበያ ገዝተው፣ ከፍተው፣ ስንት ዋት እንደሚበሉና መለዋወጫቸው ይገኝ እንደሆነ ጽፈው ደጃፋቸው ላይ ቢለጥፉ ምን ያግዳቸዋል? ለተማሪውም ትምህርት ነው፣ ሲጨርሱ ቴሌቪዥኑን ሸጠው ገንዘባቸውን ይመልሳሉ።

እስከዚያው አንባቢዎች «ታዲያ የትኛውን ስም እንግዛ?» ትሉኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። አንዱ ኩባንያ በአንድ ዓመት ግሩምም ተራም ሞዴል ያወጣል፤ እኔም ብሳሳት የሚያስከፍለኝ የለም።