ለታናናሾቻችን የትኛውን ፊልም ይዘን እንሂድ?

ባለፈው የገና ሰሞን ከማኅበራችን አባላት አንዳንዶቻችን ወደ ሸቤ ስንሄድ፥ ለሠፈሩ ልጆች መደሰቻ እንዲሆን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ቶምና ጄሪ» የተባለውን ረዥም ፊልም በፍላሽ ይዘን ነበር። ልጆቹ ቡና ሲለቅሙና ሲያሰጡ ውለው ማታ ተሰበሰቡ። ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ትንንሾቹን እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ትልልቆቹም «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ያስጨንቁን ጀመር። በማግሥቱ የድሮዎቹን አጫጭር የካርቱን ፊልሞች ብናሳያቸው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ?

ዊልያም ሐናና ጆሴፍ ባርቤራ በ1940 እ.ኤ.አ. የጀመሯቸው የቶምና ጄሪ ፊልሞች እያንዳንዳቸው ሰባት ደቂቃ ያህል ናቸው። ድመቱና አይጡ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይናገሩም፤ ነገሩን ሁሉ የሚናገሩት ሩጫቸው፥ ፊታቸውና ሙዚቃው ናቸው። ስለዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪውም፥ አማርኛ ተናጋሪውም፥ ካፍኛ ተናጋሪውም እኩል ይስቃል። አዲሱ ፊልም ግን ከመቶ ደቂቃ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለመሙላት ሲባል በኒውዮርክ ሆቴል ሥራ የያዘች ወጣትና የሀብታሞች ሠርግ ገብተውበት፥ ድመቱና አይጡ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነዋል። ቶምና ጄሪ እዚህም ዝምተኞች ናቸው፤ ታሪኩን የያዙት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛ ይለፈልፋሉ።

ጉድለቱ የዚህ ፊልም ብቻ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በሥዕል የተሠራው «ላየን ኪንግ» በ2019 እውነተኛ አንበሳ እንዲመስል ተደርጎ እንደገና ሲሠራ ጎፈሩ አማረ፤ በሥዕሉ ላይ ይስቅና ያለቅስ የነበረው ፊት ግን ደነዘዘ። ሥዕል እውነትን አጋንኖ በማሳየት ስሜትን ይገልጣል፤ ማጋነኑ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ልጆቹ እንግሊዝኛ ይማሩበታል» ይሉናል። ቋንቋ መማርስ መልካም ነው። ነገር ግን ያልገባው ልጅ የሚማረው እንግሊዝኛን ሳይሆን፥ ደስታ የሌሎች ሰዎች ንብረት መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት ወደ ሸቤ ተሸክመን መሄድ አይገባንም።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የአገሩን ልጆች ይዘው የኖሩት በውድ መሣሪያ ሳይሆን በተረት ነበር። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅትም ቀጭኔዋን በአማርኛ አናግሮ ልጆችን ወደ ፊደል አቅርቧል። እንግዲያውስ የሚያስፈልገው ልጁን ማሰብ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፥ በሚመጣው ዕረፍት አጫጭሮቹን ፊልሞች እንምረጥ፤ ረዥሙን የምናሳይ ከሆነም አንዳችን አጠገባቸው ተቀምጠን በቋንቋቸው እንተርጉምላቸው። ከፊልሙ በኋላ መብራቱን አብርተን ከሠፈሩ አዛውንት አንዱን ተረት እንዲነግሩ እንለምን። የተማረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ በእጁ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጠቀምበትም ሊያስብ ይገባዋል።