የአንድ ቤት ሁለት ልጆች

«የአንድ እጅ ጣቶች እኩል አይደሉም» ይባላል። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ ልጆች መካከል አንዱ ታውቆ ሌላው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ነገር ግን፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ሳይታይ የቀረው ጣት በእርግጥ አጭር ነበርን? ወይስ ተሸፍኖ ነው ያልታየው? በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አስተያየት በሁለት የህንድ ሙዚቀኞች ታሪክ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በመካከለኛው ህንድ፣ ማይሃር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አላውዲን ካን የተባሉ ታላቅ የሙዚቃ መምህር ይኖሩ ነበር። የሚያገለግሉትም በከተማይቱ ማሃራጃ ቤተ መንግሥት ነበር። የህንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም፤ መምህሩ ያዜማል፣ ደቀ መዝሙሩም ሰምቶ ይደግማል። ራጋ የሚባሉትን የዜማ ስልቶች ጠንቅቆ ለማወቅም ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በ1922 የተወለደው ልጃቸው አሊ አክባር፣ ሳሮድ የተባለውን እንደ ክራር በመግረፊያ የሚመታ ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ በአባቱ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ተማረ። በቀን እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይለማመድ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

በ1927 የተወለደችው እኅቱ አናፑርና ግን በመጀመሪያ እንድትማር አልተፈቀደላትም። ታላቅ እኅታቸው ሙዚቃ ተምራ ካገባች በኋላ ሙያዋ በአማቶችዋ ዘንድ ስላልተወደደላት፣ አባትየው ታናሺቱን ከዚህ መከራ ለማዳን አስበው ነበር። ሆኖም አንድ ቀን እርሳቸው ከቤት ወጥተው ሳሉ ወንድምዋ ሲሳሳት ሰምታ፣ ትክክለኛውን ዜማ እያዜመች ስታርመው አባትየው ደርሰው እንደሰሙዋት ይነገራል። ከዚያ በኋላ እርስዋም ደቀ መዝሙር ሆነች። በመጨረሻም ሱርባሃር የተባለውን ባለ ወፍራም ድምፅ መሣሪያ ያዘች።

እንግዲህ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ጠጡ፤ መንገዳቸው ግን ተለያየ። አሊ አክባር በ1955 ወደ ኒው ዮርክ ተጉዞ የአገሩን ሙዚቃ አሰማ። በ1956 በካልካታ፣ በ1967 ደግሞ በካሊፎርኒያ በስሙ የሚጠሩ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አቋቋመ። በ1971 የባንግላዴሽን ስደተኞች ለመርዳት በኒው ዮርክ በተዘጋጀው ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ላይ ተጫወተ። በ2009 ሲሞት ዝናው ዓለምን ያዳረሰ ነበር።

አናፑርና በ1941 የአባትዋን ደቀ መዝሙር ራቪ ሻንካርን አገባች። ከእርሱ ጋር በአደባባይ ጥቂት ጊዜ ከተጫወተች በኋላ ግን መድረክን ፈጽማ ተወች። የአድማጩ አድናቆት ወደ እርስዋ ማዘንበሉ የትዳራቸውን ሰላም እንዳወከ እርስዋ ተናግራለች፤ ባለቤትዋ በበኩሉ መድረኩን ያልፈለገችው እርስዋው እንደሆነች ገልጿል። ለሽያጭ ያስቀረጸችው ሸክላ የለም። በ2018 እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ በቦምቤይ፣ በኋላ ሙምባይ በተባለችው ከተማ፣ ከሰው ርቃ ኖረች።

ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብትባሉ፣ ብዙዎቻችሁ ወንድምየውን ትጠሩ ይሆናል። ዝናው የሚገባው ስለሆነ አልቃወማችሁም። ይሁን እንጂ ጭብጨባ የዕውቀት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስመ ጥር የሆኑት የሲታር ተጫዋች ኒኪል ባነርጂና የዋሽንት ተጫዋች ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ ከእርስዋ ዘንድ ተምረዋል። ቻውራሲያ ወደ እርስዋ የሄደው በሙያው እንጀራውን መብላት ከጀመረ በኋላ ነበር። የሚያውቀውን ትቶ ከሀሁ እንዲጀምር ስለጠየቀችው፣ ቆራጥነቱን ለማሳየት ዋሽንት የሚይዝበትን እጅ እንኳ ከቀኝ ወደ ግራ ለወጠ። አዋቂ ሰው እንዲህ የሚደክመው አዋቂ ሲያገኝ ብቻ ነው። የህንድ መንግሥትም በ1977 ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ሰጥቷታል።

«ዕውቀትዋ በደቀ መዛሙርትዋ በኩል ከተላለፈ ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የጎደለውስ ብዙ ነው! ወንድምየው ያስቀረጻቸውን ሸክላዎች ማንም ሰው ገዝቶ ሊሰማ ይችላል፤ የእኅቱን ሱርባሃር ግን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ዝምታዋን ትሕትና እያልን ብቻ ብናወድስ የእውነቱን ግማሽ እንሸፍናለን። ልብ በሉ፤ ወንድምየው ለመማር የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ እንዲያውም ተገዶ ተማረ። እኅቱ ግን በሩ የተከፈተላት ችሎታዋ በድንገት ከተሰማ በኋላ ነው። አባትየው በዚያች ቀን ትንሽ ዘግይተው ቢመለሱ ኖሮስ?

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ጣቶች እኩል አይደሉም ከማለታችን በፊት ሁሉም ጣቶች የመዘርጋት ዕድል ማግኘታቸውን እንመርምር። የአናፑርና ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ጥያቄው ከየቤታችን ይገባል። ወንድም መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያጠና፣ እኅት ከጓዳ ሆና ወጡን እያማሰለች ትሰማዋለች። ምናልባትም ስሕተቱን በልብዋ ታርመዋለች። እንዲህ ያለች እኅት ያለቻችሁ ሁሉ፣ አባት በአጋጣሚ እስኪሰማት ድረስ አትጠብቁ። ማማሰያውን ተቀበሉዋት፤ መጽሐፉንም ስጡዋት።