ፊዚክስ እግር ሲያቀና

«ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» ብሎ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያላጉረመረመ ከመካከላችን የለም። እኛ መልሱን ያገኘነው ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ የአንዲት ጓደኛችን ታናሽ ወንድም እግር ነው።

ልጁ ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥና ወደ ታች የዞሩ ነበሩ። ይህ ቆልማማ እግር ይባላል፤ በግምት ከ1,000 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። አንዳንድ ጎረቤቶች «እርግማን ነው» ሲሉ፣ ሌሎች «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አጽናኑ። እናቱ ግን አራስነታቸውን ሳይጨርሱ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

እዚያ የጠበቃቸው ሕክምና ከባዮሜካኒክስ ጋር የተያያዘ ነው። ባዮሜካኒክስ የሰውነትን እንቅስቃሴ በኃይል ሕግ የሚያጠና ሳይንስ ነው፤ አጥንትን እንደ ዲጂኖ፣ መገጣጠሚያን እንደ መደገፊያ፣ ጡንቻን እንደ ጉልበት ያያል። በዲጂኖ ድንጋይ የፈነቀለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መደገፊያው ቦታውን ከሳተ ጉልበት ብቻውን ዋጋ የለውም።

በስፔን ተወልደው በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ይህንኑ በሕፃን እግር ላይ አሳዩ። ቀድሞ እግሩ በኃይል ይጎተት ወይም በሰፊው ይቀደድ ስለነበር፣ ብዙዎች ሲያድጉ እግራቸው ይደርቅና ያማቸው ነበር። እርሳቸው አውራ ጣታቸውን በቁርጭምጭሚቱ አጥንት የውጭ ጎን ላይ ደግፈው፣ እግሩን በዝግታ ወደ ውጭ ያዞሩታል። ሌላ ቦታ ከተጫኑት ተረከዙ አይዞርም። ከዚያ ጀሶ ይታሰራል፤ በየሳምንቱም እየተፈታ ይታደሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ጀሶ ይበቃል፤ ብዙ ሕፃናት በተጨማሪ የተረከዛቸው ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። ፖንሴቲ ውጤታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ዘዴው በዓለም የተስፋፋው ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ዕውቀት ተገኝቶ ሰሚ ሲያጣ ስንት ልጅ ይቀራል!

ከጀሶው በኋላ ያለው ሥራ የቤተሰብ ነው። በብረት የተያያዘው ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። «ልጄ አለቀሰ» ተብሎ ከተተወ፣ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

ስለዚህ የምንለው አለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ አትደብቁት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪም ይየው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የዲጂኖን ትምህርት ከራሳችን እግር ጀምሩልን፤ ያኔ አይረሳንም። እኛ ተማሪዎችም «ቆልማማ» የሚለውን ስድብ ከግቢያችን እናውጣ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ያ ልጅ ዛሬ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያባርር እናየዋለን። ማታ ማታ ግን ጓደኛችን የቤት ሥራዋን አቋርጣ ያንን ጫማ ታስርለታለች። ፊዚክስ ምን እንደሚያደርግ እርሷን ጠይቁ።