ሙግት፦ ለገና እርጥብ ጥድ ወይስ ፕላስቲክ?

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

እርጥቡ ይሻላል

በር ሲከፈት እንግዳን የሚቀበለው የጥዱ ሽታ ነው፤ ፕላስቲክ ይህ የለውም። «ቶሎ ይደርቃል» የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ አገዛዙንም አያያዙንም ስለማያውቁበት ነው።

እዚህ አገር ከሚሸጡት ዓይነቶች እኔ የምመርጠው በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች የሚበቅለውን ፍሬዘር ፈር ነው፤ ቅጠሉን ቶሎ አይጥልም። ቅርንጫፉን ያዝ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። አረንጓዴ ቅጠል እጃችሁ ላይ ከቀረ ተዉት። ከውስጥ የሚረግፈው ቡናማው ግን አሮጌ ቅጠል ስለሆነ አያስደነግጥም። ሻጩ ከግንዱ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በመጋዝ ይቁረጥላችሁ። የተቆረጠው አፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሙጫ ስለሚደፈን፣ ቤት እንደደረሳችሁ ውሃ ውስጥ አቁሙት። አሥር ሴንቲ ውፍረት ያለው ግንድ በቀን እስከ አራት ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ስኳርና አስፕሪን መጨመር ከንቱ ልፋት ነው። ማቆሚያው ጠበበ ብሎ የግንዱን ዳር የሚልጥም አለ፤ ውሃ የሚስበው እኮ ያው ዳሩ ነው!

በር ላይ የሚሰቀለው የጥድ ጉንጉን ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል። በመስታወቱ በርና በእንጨቱ መካከል ከሰቀላችሁት ፀሐይ ይቀቅለዋል። ውጭ ስቀሉት፣ አልፎ አልፎም ውሃ እርጩት።

ፕላስቲኩ ይሻላል

እህቴ የጻፈችው ሁሉ ዲሴምበር 25ን ለሚያከብር ይሠራል። የኛ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ነው። በታንክስጊቪንግ ማግስት የተገዛ ዛፍ እስከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ሊቆም ነው። ዘግይተን እንግዛ ብንል፣ ከዲሴምበር 25 በኋላ ሻጩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል፤ ጎረቤትም ዛፉን አውጥቶ ደጅ ጥሏል።

የደረቀ ጥድ አንዴ እሳት ከያዘው ሳሎኑን ለማዳረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኛ ደግሞ በዓል ሲሆን ከሰል አቀጣጥለን ዕጣን የምናጤስ፣ ሻማ የምናበራ፣ ቤታችን በልጅ የሚሞላ ሰዎች ነን። ውሃውን ማን ያስታውሳል? ዶሮው ሲሠራ የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ፕላስቲኩ መሬት ውስጥ እንደማይበሰብስ፣ አብዛኛውም ከቻይና በመርከብ እንደሚመጣ አልክድም። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ከኔ ወገን አይቆጠር። አንድ ገዝቶ ልጆቹ እስኪያድጉ የሚጠቀምበትን ነው የምከራከርለት።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መልስ

ወንድሜ ስለ እሳቱ ልክ ነው፤ ረከቦቱና ከሰሉ ከዛፉ ይራቁ። ስለ ቀኑ ግን መላ አለው። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ግዙ፣ አስቆርጣችሁ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ሳሎን የሚገባው የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ ነው። ከማሞቂያው አርቁት፣ ውሃውን ጠዋት ጠዋት እዩት። እንዲህም ሆኖ ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚሰባበር ከሆነ፣ ጃንዋሪ 7 ባይደርስም አውጥታችሁ ጣሉት።