ኪቦርዱ ያልሰማው ቅኝት



የዚህ እትም ጠንሳሹ ሺሺንዳ ላይ የታደምንበት ሰርግ ነው። ክራር ተጫዋቹ አንዷን ክር ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። በመጨረሻ ተሸነፈና ከኪቦርዱ ጋር አስማማት። ያቺ ክር ያጣችው ነገር አሳሰበን። አንድን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ የሚሸነሽን ማሽን ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ጋር ሁልጊዜ አይግባባም፤ እሱ «ተዛነፈ» የሚለውን ድምፅ እኛ ለዛ እንለዋለን።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ማለታችን ግን አይደለም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ሆነው አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አጋብተው እ.ኤ.አ. በ1985 ካሴት አወጡ። ኋላም ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አልበሙ እንደገና ሲታተም ነው የውጭው ጆሮ የነቃው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባለሙያዎቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም የአገር ድምፅን በኮምፒውተር እያሹ የራሳቸውን መንገድ ቀይሰዋል።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ቢት ይሠራል፤ ምናብና ጣዕም ግን ከመተግበሪያው ጋር አይጫኑም። በዚህ እትም ሲንተሳይዘር እንዴት በአገር ቅኝት እንደሚቃኝ፣ ጆሮም እንዴት እንደሚለምድ ታነባላችሁ። አደራ፣ የተጠቀሱትን ሙዚቃዎች በስልክ ስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው።

አዘጋጁ