ጤናችን፦ ሐዘንም ሕክምና አለው

ካንሰር የሰውነት ሕመም ነው። ነገር ግን ሐሳብንም ያውካል። «ካንሰር አለብህ» የተባለ ሰው ይደነግጣል። ያለቅሳል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው።

ሐዘኑ ካልቀለለ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስሙ ድብርት ይባላል። እንቅልፍ ይጠፋል። እህል አልወርድ ይላል። ሥራም ጨዋታም ያስጠላል። ሕመምተኛው «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» ይላል። ይህ 2 ሳምንት ከቆየ ለጤና ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል።

ድብርት ስንፍና አይደለም። እርግማንም አይደለም። በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። ካልታከመ ግን ሰውየው ተስፋ ቆርጦ የካንሰሩንም ሕክምና ሊተው ይችላል።

የገጠር ሰው ጭንቀቱ ይበዛል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም መንገዱ ሩቅ ነው። ወጪው ብዙ ነው። ሕመምተኛው ተኝቶም ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ያስባል።

ታዲያ ጎረቤት ምን ያድርግ? ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ አትሽሹት። አብራችሁ ብሉ። ቡና ጥሩት። እርሻውን በደቦ እረሱለት። ሲናገር ስሙት። «ምንም የለብህም» ብላችሁ ዝም አታሰኙት። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሐዘንም እንዲሁ ነው።

ተወያዩ፦ በመንደራችሁ አንድ ሰው በካንሰር ቢታመም እርሻውን ማን ያርስለታል? ሐኪም ቤትስ ማን አብሮት ይሄዳል?